ፔይተን ራውስና የዶሮዋ ዕጢ

በዛሬው ዕትማችን፣ እውነት በእጁ ይዞ ሳለ ዓለም እስኪያምነው ለብዙ ዓመታት ስለ ጠበቀ አንድ ተመራማሪ እናወጋችኋለን።

ፔይተን ራውስ እ.ኤ.አ. በ1879 በአሜሪካ፣ በባልቲሞር ከተማ ተወለደ። ሕክምና ሲማር አስከሬን በሚመረምርበት ጊዜ ጣቱ ቆሰለና የቲቢ በሽታ ያዘው። ትምህርቱን ለአንድ ዓመት አቋርጦ በቴክሳስ ከብት እርባታ ሲሠራ ቆየ። ተስፋ ግን አልቆረጠም፤ በ1905 ተመረቀ። በ1909 ኒውዮርክ በሚገኘው የሮክፌለር ኢንስቲቲዩት ሥራ ጀመረ።

አንድ ቀን ዕጢ ያበጠባት ዶሮ አመጡለት። ታዲያ ራውስ ምን አደረገ? ዕጢውን ፈጨው፤ ባክቴሪያ እንኳ በማያሳልፍ ማጥሪያ አጠለለው፤ የወጣውን ፈሳሽ ጤነኛ ዶሮዎችን ወጋ። እነሱም ካንሰር ያዛቸው! በ1911 ካንሰሩን ያመጣው ከባክቴሪያ ያነሰ ነገር መሆኑን ገለጸ። ዛሬ ቫይረስ የምንለው ነው።

ማን ይመነው? ማጥሪያው ቀዳዳ ይኖረዋል ያሉ ነበሩ፤ ይህ እውነተኛ ካንሰር አይደለም ያሉም ነበሩ። እሱም በአይጦች ላይ ሞክሮ ስላልተሳካለት ነገሩን ተወው። እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከባልደረቦቹ ጋር ደም ሳይበላሽ የሚቆይበትን ዘዴ አገኘ። በ1930ዎቹ ደግሞ የጥንቸል ኪንታሮት ቫይረስ ሲገኝ ወደ ካንሰር ጥናቱ ተመለሰ። የኖቤል ሽልማት የደረሰው በ1966፣ በ87 ዓመቱ ነው። በ1970 አረፈ።

አንድ ነገር ግን መደበቅ የለብንም። ራውስ ራሱ፣ ካንሰር ከሴሉ ከራሱ የዘር ለውጥ ይነሳል የሚለውን ሐሳብ አጥብቆ ይቃወም ነበር። እሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1976፣ ቢሾፕና ቫርመስ የተባሉ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው የዚያው የራውስ ቫይረስ ካንሰር አምጪ ጂን መነሻው ከጤነኛ የዶሮ ሴል መሆኑን አሳዩ። ያልታመነው ሰው እሱም በተራው ሌሎችን አላመነም ማለት ነው።

ዛሬ ደግሞ ነገሩ ተገልብጧል፤ ቫይረስ ካንሰርን እንዲያጠፋ እየተሠራ ነው። በከንፈር ላይ ቁስል የሚያወጣውን የሄርፒስ ቫይረስ ወስደው ጎጂ ጂኖቹን አወጡለት፤ የሰውነትን መከላከያ የሚቀሰቅስ ሌላ ጂን አስገቡበት። ዕጢው ውስጥ ሲወጋ በካንሰሩ ሴሎች ውስጥ ይራባል፤ ያፈነዳቸዋል። ይህ መድኃኒት ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ካንሰር በ2015 በአሜሪካ ተፈቀደ። ለሁሉም ሕመምተኛ ይሠራል ማለት ግን አይደለም።

እኛ ዕጩ መምህራን ከዚህ ምን እንማራለን? ነገ አንድ ተማሪ ከመጽሐፉ ውጭ የሆነ መልስ ይዞ ሲነሳ፣ ተቀመጥ ከማለታችን በፊት እንዴት እንዳገኘው እንጠይቀው። ተሳስቶም ከሆነ አብረን እንፈትሸው። የተሳሳትነው እኛ ብንሆንስ?