ሠዓሊው አንሪ ማቲስና የቫንስ ጸሎት ቤት

እኛ የመጋላ ልጆች ቤተ ክርስቲያን ስንገባ በግድግዳው ላይ ዓይናቸውን ከፍተው የሚመለከቱን ቅዱሳን ካላየን አንረካም። ስለዚህ በፈረንሳይኛ ትምህርት ሰዓት የአንድ የካቶሊክ ጸሎት ቤት ፎቶግራፍ በታየን ጊዜ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ከሳቁትም አንዱ እኔ ነበርሁ። የተሣሉት ቅዱሳን ዓይንም አፍም አልነበራቸውም። የሠራቸውን ሰው ታሪክ ከተማርሁ በኋላ ግን በሳቄ አፈርሁ። ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው በአውሮጳ አቈጣጠር ነው።

አንሪ ማቲስ በ1869 ዓ.ም. በሰሜን ፈረንሳይ በለ ካቶ ከተማ ተወለደ። ያደገባት ቦኤን የሸማኔዎች ከተማ ስለ ነበረች፣ ልክ እንደ መጋላ ልጅ ባለ ቀለም ጨርቅ እያየ አደገ። አባቱ የእህል ነጋዴ ሲሆን ልጁ ሕግ እንዲማር ፈለገ፤ ልጁም ታዝዞ ተማረ፣ በጠበቃ ቢሮም ጸሐፊ ሆነ። ሃያ ዓመት ገደማ ሲሆነው በትርፍ አንጀት ሕመም ተኝቶ ሳለ እናቱ የቀለም ሣጥን አመጣችለት። ከጥቂት ጊዜ በኋላም ሕጉን ትቶ ሥዕልን ያዘ። በ1905 ዓ.ም. በፓሪስ ከወዳጆቹ ጋራ ባሳየው ሥዕል ቀለሙ ስለ በረታ አውሬዎች የሚል ስም ወጣላቸው። ዝናው ግን በዓለም ሁሉ ተሰማ።

በ1941 ዓ.ም. በሊዮን ከተማ ከባድ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ ዳነ፣ ነገር ግን እንደ ቀድሞው ለመቆም አልቻለም። በሚከተለው ዓመት ሞኒክ ቡርዧ የምትባል ወጣት አስታማሚ ቀጠረ። ይህች ልጅ ኋላ መንኵሳ በዶሚኒካን ደናግል ማኅበር እኅት ዣክ ማሪ ተባለች። በቫንስ የነበሩት ደናግል ደኅና የጸሎት ቤት ስላልነበራቸው፣ በ1947 ዓ.ም. ለመስኮት የሚሆን አንድ ንድፍ አሳየችው። ሽማግሌው የመስኮቱን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ሁሉ ሥራ በላዩ ወሰደ። እርሱ ጸሎት የማያዘወትር ሰው ነበረና ብዙዎች ተገረሙ። ወዳጁ ፒካሶ ተቈጥቶ፣ ከዚህ ይልቅ የገበያ አዳራሽ ቢሠራ ይሻላል ብሎ ነቀፈው። (ቀፊራን ለሚያውቅ ሰው ይህ ነቀፋ ያን ያህል ክፉ አይመስልም።)

ማቲስ አራት ዓመት ደከመ። በረጅም ቀርከሃ ጫፍ ከሰል አስሮ፣ አንዳንዴም ከአልጋው ሳይነሣ ሣለ። ነጭ በሆነው የሸክላ ንጣፍ ላይ ቅዱስ ዶሚኒኮስን፣ እመቤታችንን ከሕፃኑ ጋራ፣ 14ቱንም የፍኖተ መስቀል ምዕራፎች በጥቍር መስመር ብቻ አወጣ። ምዕራፎቹ በአንድ ግድግዳ ላይ ከታች ጀምረው፣ ተራራ እንደሚወጣ መንገድ እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ይሄዳሉ። በዚያ ሁሉ ሥዕል መካከል ፊት ተሥሎ የሚታየው በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ይኸውም በቬሮኒካ መሐረብ ላይ የታተመው የጌታ ፊት ነው። እኛ ስንስቅ ይህን አላየንም ነበር።

መስኮቶቹ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ ናቸው። ከመሠዊያው ኋላ ባለው መስኮት የሕይወትን ዛፍ በቍልቋል መልክ ሠራው፤ በደረቅ ምድር አበባ የሚያወጣውን ቍልቋል ለድሬዳዋ ሰው መግለጽ አያስፈልግም። ፀሐይ ስትወጣ ቀለሙ በነጩ ወለልና በጥቍሩ መስመር ላይ ይፈስሳል፤ ግድግዳውን ያለ ቀለም የተወው ስለዚህ ነው። የመሠዊያውን ድንጋይ የመረጠው መልኩ ዳቦ ስለሚመስል ነው። ቄሱ ምእመናኑንም ደናግሉንም እንዲያይ መሠዊያውን አግድም አዞረው። መስቀሉን፣ መቅረዞቹን፣ የኑዛዜውን ክፍል በር ሳይቀር ራሱ ነደፈ። የቅዳሴ ልብሶቹንም ወረቀት በመቀስ እየቈረጠ አወጣቸው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ስመ ጥር ሠዓሊ ለበር እጀታና ለሻማ ማስቀመጫ ጊዜውን መስጠቱ።

ጸሎት ቤቱ ጁን 25 ቀን 1951 ዓ.ም. ተባረከ። ማቲስ ሕመሙ ጸንቶበት ስለ ነበረ በበዓሉ አልተገኘም። ኖቬምበር 3 ቀን 1954 ዓ.ም. በኒስ ሞተ፣ በሲሚዬም ተቀበረ። ስለ ሠዓሊውና ስለ አስታማሚው ብዙ ሐሜት ተወርቶ ነበርና፣ እኅት ዣክ ማሪ በ1992 ዓ.ም. የሆነውን ሁሉ በመጽሐፍ ጻፈች፤ በ2005 ዓ.ም. ዐረፈች።