ዊሊያም ፔኮራ

ዊሊያም ቶማስ ፔኮራ (ጥር 24 ቀን 1905 – ሐምሌ 12 ቀን 1964 ዓ.ም.) አሜሪካዊ የሥነ ምድር ተመራማሪ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው መሬትን ከጠፈር የሚቃኘው የላንድሳት ሳተላይት መርሐ ግብር እንዲጀመር ባደረገው ጥረት ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሕይወት ታሪክ

ፔኮራ በ1913 በኒው ጀርሲ ተወለደ። በ1933 ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በ1940 ከሃርቫርድ የዶክትሬት ዲግሪ አገኘ። በ1936 በበርሊን ኦሊምፒክ በሻሞላ ግጥሚያ አገሩን ወክሎ ተወዳድሯል። በ1939 በአሜሪካ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ተቀጠረ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በብራዚል የኒኬልና የሌሎች ማዕድናትን ክምችት አጠና። ኒኬል ያለበት ፔኮራይት የተባለው ማዕድን በስሙ ተሰይሟል። ከ1965 እስከ 1971 የመሥሪያ ቤቱ ዳይሬክተር ሆኖ አገልግሏል።

ላንድሳት

በመስከረም 1966 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ስቱዋርት ዩዳል የተፈጥሮ ሀብትን ከጠፈር የሚያጠና ሳተላይት እንደሚሠራ አስታወቀ። የሐሳቡ ዋና አራማጅ ፔኮራ ነበር። የመንግሥት በጀት መሥሪያ ቤት ገንዘቡን አልፈቅድም አለ፤ የመከላከያ ሰዎችም የስለላ ሳተላይቶች ምስጢር እንዳይወጣ ሰጉ። በመጨረሻ ናሳ ሳተላይቱን ለሙከራ ሠራው። ፔኮራ ሐምሌ 19 ቀን 1972 አረፈ፤ ሳተላይቱ የመጠቀው ከአራት ቀን በኋላ፣ ሐምሌ 23 ቀን ነው። በ1975 ላንድሳት ተባለ።

ገለባና ባዶ አፈር

የመጀመሪያው ላንድሳት አራት የብርሃን ክልሎችን ብቻ ይለካ ነበር። ለምለም ሰብልን ከአፈር በቀላሉ ይለያል፤ ቅጠሉ ለዓይን የማይታየውን የቅርብ ኢንፍራሬድ ብርሃን አጥብቆ ይመልሳልና። ከአጨዳ በኋላ ግን ገለባውና አፈሩ ተመሳሳይ ሆነው ይታያሉ። ልዩነቱ የሚገኘው በረዘመ የኢንፍራሬድ ሞገድ ነው፤ በገለባ ውስጥ ያለው ሴሉሎስ በ2,100 ናኖሜትር አካባቢ ብርሃን ይመጣል፤ አፈር ግን እንዲህ አያደርግም። በ1982 የመጠቀው ላንድሳት 4 ይህን ክልል የሚሸፍን መሣሪያ ይዞ ስለነበረ ሁለቱን ለመለየት መንገድ ከፈተ። ሆኖም ክልሉ ሰፊ በመሆኑና እርጥበት ልኬቱን ስለሚያዛባ ልየታው ፍጹም አይደለም።

በኢትዮጵያ ያለው ፋይዳ

በሰሜን ሸዋ፣ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር ዙሪያ፣ የገብስና የስንዴ ጭድ ከአውድማ ለከብት መኖ ይወሰዳል፤ ማሳ ላይ የቀረውን ከብት ይግጠዋል፤ እበቱም ኩበት ሆኖ ይነድዳል። ስለዚህ ዝናብ ሲጀምር ብዙ ተዳፋት ማሳ ያለ ሽፋን ይቆያል፤ ጎርፍም አፈሩን ይጠርገዋል። በዚሁ ዞን በአንዲት ጥድ የአፈር መሸርሸር ከ1982 ጀምሮ በጣቢያ ሲለካ ቆይቷል። ጣቢያ አንድ ተፋሰስ ይለካል፤ ሳተላይት ግን ዞኑን በሙሉ ያያል። የላንድሳት አንድ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ስለሚሸፍን በትናንሽ ማሳዎች ላይ ገለባውና አፈሩ በአንድ ነጥብ ይደባለቃሉ።

መታሰቢያ

ከ1974 ጀምሮ በርቀት ቅኝት የላቀ ሥራ ለሠሩ የዊሊያም ፔኮራ ሽልማት ይሰጣል። የላንድሳት ምስሎች ከ2008 ጀምሮ ለማንም በነጻ ተለቀዋል።