ሰር ጄምስ ማኬንዚ፦ የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሥርጭት ከየት ይለካል?

ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የላይኞቹ የልብ ክፍሎች በሥርዓት መኮማተራቸውን ትተው የሚርገበገቡበትና የልብ ምት ወጥነት የሚያጣበት ሕመም ነው። በመካከለኛና በከፍተኛ ዕድሜ ላይ በሚገኙ ሰዎች ዘንድ ያለውን ሥርጭት ለማወቅ ማንን፣ የትና ለምን ያህል ጊዜ መከታተል እንደሚገባ የስኮትላንዳዊው ሐኪም የጄምስ ማኬንዚ ሕይወት ያስረዳል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ማኬንዚ በ1853 በፐርዝሻየር፣ ስኮን አካባቢ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በመድኃኒት ቤት ከሠሩ በኋላ በ1878 ከኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። በቀጣዩ ዓመት የጥጥ ፋብሪካዎች ወደሚበዙባት የእንግሊዝ ከተማ በርንሊ ሄደው በጠቅላላ ሐኪምነት መሥራት ጀመሩ። በዚያም የልብ ሕመም የነበረባት አንዲት ወጣት በወሊድ ጊዜ ሞተችባቸው። የትኛው የልብ ምልክት አደጋን እንደሚጠቁም፣ የትኛው ደግሞ ጉዳት እንደሌለው በጊዜው የሚለይ ዕውቀት አለመኖሩ እረፍት ነሳቸው፤ የሕሙማናቸውንም የልብ ምት መመዝገብ ያዙ።

ፖሊግራፍ የተባለው መሣሪያቸው የክንድን ደም ቅዳና የአንገትን ደም መልስ ምት ጎን ለጎን ይስላል። ከመሣሪያው ይልቅ የበለጠ ጥቅም የሰጣቸው ግን ተመሳሳይ ሰዎችን ለብዙ ዓመታት መከታተላቸው ነበር። በ1898 የሚትራል ቫልቭ ጥበት የነበረባት የቆየች ታካሚያቸው ምት ድንገት ተዛባ፤ ከአንገቷ ሥዕል ላይም የላይኛው የልብ ክፍል ሞገድ ጠፋ። ማኬንዚ በመጀመሪያ ክፍሉ ሽባ ሆኗል ብለው ገመቱ፤ ኋላም ምቱ ከሌላ ስፍራ ይነሣል አሉ። ሁለቱም ማብራሪያዎች ልክ አልነበሩም። በ1909 ቶማስ ሉዊስ በኤሌክትሮካርዲዮግራፍ ትክክለኛውን ምክንያት ሲያሳዩ፣ የበርንሊው መዝገብ ከአዲሱ ግኝት ጋር ተስማምቶ ተገኘ።

ማኬንዚ በ1907 ወደ ለንደን ተዛወሩ፤ በ1915 የሰር ማዕረግ አገኙ። ሆኖም የሆስፒታል ሐኪም በሽታን የሚያየው ዘግይቶ፣ ያውም ከጠናባቸው ሰዎች ላይ ብቻ መሆኑን ተገነዘቡ። ስለዚህ በ1919 በሴንት አንድሩስ፣ የአካባቢው ሐኪሞች የበሽታን አጀማመር በነዋሪው መካከል የሚከታተሉበት የምርምር ተቋም መሠረቱ። እርሳቸውም ራሳቸው በ1901 መጥቶ የሚሄድ የኤትሪያል ፊብሪሌሽን ሕመም ደርሶባቸው ነበር። በ1925 በልብ ሕመም አረፉ።

ነዋሪን በረጅም ጊዜ የመከታተሉ መንገድ በ1948 በአሜሪካ በተጀመረው የፍራሚንግሃም ጥናት 5,209 ሰዎችን አቅፎ በስፋት ተሠራበት። በውጤቱም ሥርጭቱ በ50ዎቹ ዕድሜ 0.5 በመቶ ገደማ ሲሆን በ80ዎቹ ወደ 9 በመቶ ያድጋል፤ 40 ዓመት ከሞላቸው ሰዎችም ከአራቱ አንዱ ያህል በቀሪ ዕድሜው ይያዛል። ሕመሙ እንደ ማኬንዚ መጥቶ የሚሄድባቸው ሰዎች በአንድ ቀን ምርመራ ሊታለፉ ስለሚችሉ፣ ከአንድ ጊዜ ምዝገባ የሚገኝ አኃዝ ዝቅተኛ ግምት ተደርጎ ሊነበብ ይገባል።