ኤድዊን አርምስትሮንግ፤ የራዲዮ ሊቁና የክርክር ዘመኑ

አሮጌ የቫልቭ ራዲዮ ጠግኖ የሚያውቅ ባልደረባ ሥራው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ አይስተውም። የደረቁትን የማጣሪያ ኮንደንሰሮች ሳይለውጡ መሣሪያውን ከመብራት ጋር ማገናኘት ሬክቲፋየሩንና ትራንስፎርመሩን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ያረጁ የወረቀት ኮንደንሰሮችም ኤሌክትሪክ እያሾለኩ የመጨረሻውን ቫልቭ ይጎዳሉ። ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ድምፅ ሲሰማ ግን ልፋቱ ይረሳል። ይሁን እንጂ በአሜሪካ ከ1942 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉትም እንዲሁ) በፊት ከተሠሩት የኤፍ ኤም ራዲዮዎች አንዱን የሚጠግን ሰው፥ ከ42 እስከ 50 ሜጋኸርዝ ተብሎ በተጻፈበት ክፍል ምንም ያህል ቢደክም አንድም የኤፍ ኤም ጣቢያ አያገኝም። ጉድለቱ ከመሣሪያው አይደለም። ምክንያቱ የሚገኘው በኤድዊን ሃዋርድ አርምስትሮንግ የሕይወት ታሪክ ውስጥ ነው።

አርምስትሮንግ በ1890 በኒውዮርክ ተወልዶ በዮንከርስ አደገ። ገና በወጣትነቱ በወላጆቹ ግቢ ረጅም የአንቴና ምሰሶ አቁሞ ከሩቅ የሚመጣ የቴሌግራፍ ምልክት ያዳምጥ ነበር። በ1912 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተማሪ ሳለ፥ ሊ ዲ ፎረስት በ1906 የፈጠረውን ባለ ሦስት ኤሌክትሮድ ቫልቭ ሲመረምር፥ ከቫልቩ ከሚወጣው ኃይል ጥቂቱ ወደ መግቢያው ቢመለስ ምልክቱ ተደጋግሞ እንደሚጎላ ደረሰበት። የሚመለሰው ከመጠን ሲያልፍ ደግሞ ቫልቩ ራሱ ሞገድ አመንጪ ይሆናል። ስለዚህም አንዱ ግኝት ለመቀበያውም ለማሰራጫውም አገለገለ።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በፓሪስ የመገናኛ ጦር መኮንን ሆኖ ሲያገለግል፥ በ1918 ሱፐርሄትሮዳይን የተባለውን መቀበያ አሰበ። የሚመጣው ሞገድ ምንም ይሁን ምን፥ በመሣሪያው ውስጥ ከሚመነጭ ሌላ ሞገድ ጋር ተቀላቅሎ ወደ አንድ የተወሰነ ፍሪኩዌንሲ ይለወጣል፤ ማጉላቱና መምረጡ በዋናነት በዚያ ይፈጸማል። ጠጋኙ መጠምጠሚያዎቹን ብዙ ጊዜ በ455 ኪሎኸርዝ የሚያስተካክለው በዚህ ምክንያት ነው። አርምስትሮንግ በ1920 የሁለቱን ግኝቶች ፓተንት ለዌስቲንግሃውስ ኩባንያ በ335,000 ዶላር ሸጠ። በ1923 የአር ሲ ኤ ኩባንያ ሹም የነበረው የዴቪድ ሳርኖፍ ጸሐፊ የሆነችውን ማሪዮን ማኪኒስን ሲያገባ፥ የሰጣት ስጦታ በእጅ የሚያዝ ሱፐርሄትሮዳይን ራዲዮ ነበር።

ደስታው በዚሁ አልዘለቀም። ዲ ፎረስት ኃይል የመመለሱን ዘዴ እኔ ቀድሜ አግኝቼዋለሁ ብሎ ስለ ተከራከረ ነገሩ ከችሎት ወደ ችሎት ሲመላለስ ኖረ። በእኔ አስተያየት አርምስትሮንግም ከጥፋት ነጻ አልነበረም፤ ፍርድ በረታበት ጊዜ የክርክሩን ወጪ ለተሸናፊው ቢተውለት ኖሮ መዝገቡ ያን ጊዜ በተዘጋ ነበር። እርሱ ግን ግትር ነበር። በመጨረሻ፥ በ1934፥ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለዲ ፎረስት ፈረደ። ቫልቭ እንዴት እንደሚሠራ የሚያውቁ መሐንዲሶች ፍርዱን ሲያነቡ ዳኞቹ የመሣሪያውን አሠራር እንዳልተረዱት አዩ።

በዚያው ዓመት የራዲዮ መሐንዲሶች ማኅበር በፊላደልፊያ ተሰበሰበ። ማኅበሩ ቀደም ሲል ስለዚሁ ግኝት የክብር ሜዳይ ሸልሞት ነበርና አርምስትሮንግ ሜዳዩን ሊመልስ ሄደ። ከቦርዱ አባላት መካከል በክርክሩ ጥቅም ያላቸው ኩባንያዎች ተቀጣሪዎች ነበሩበት፤ ሆኖም ቦርዱ ሜዳዩን አልቀበልም አለ፤ ሽልማቱንም ዳግመኛ አጸናለት። ጉባኤተኛውም ተነሥቶ አጨበጨበ። በሙያ ማኅበራት ታሪክ ከዚህ የሚበልጥ ድፍረት ብዙ የሚገኝ አይመስለኝም።

በዚህ ጊዜ ኤፍ ኤምን ፈጥሮ ፓተንቱን በታኅሣሥ 1933 ተቀብሎ ነበር። ከእርሱ በፊት የነበሩት ሊቃውንት የሞገዱን ስፋት ለማጥበብ ሲደክሙ ጥቅም የለውም ብለው የተዉትን፥ እርሱ አስፍቶት የመብረቅና የሞተር ጫጫታ የማይነካው ድምፅ አገኘበት። ሙከራውን በኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ሲያካሂድ ቆይቶ፥ በ1935 አር ሲ ኤ መሣሪያህን አንሣ አለው። በገዛ ገንዘቡ በኒው ጀርሲ፥ አልፓይን በተባለ ስፍራ፥ የራሱን ማሰራጫ አቆመ። በ1945 ግን የመንግሥቱ የመገናኛ ኮሚሽን የኤፍ ኤምን ክፍል ወደ 88 ሜጋኸርዝና ከዚያ በላይ አዛወረው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ራዲዮዎችም የኤፍ ኤም ክፍላቸው ከንቱ ሆነ። ዛሬ አንዳንድ ጠጋኞች የአሁኑን ሞገድ ወደ ጥንቱ የሚመልስ ትንሽ መለወጫ ሠርተው ያናግሯቸዋል።

አር ሲ ኤ በቴሌቪዥን ድምፅ ኤፍ ኤምን ያለ ፈቃድ ተጠቅሟል ብሎ አርምስትሮንግ በ1948 ከሰሰ። ክርክሩ ሀብቱን ጨረሰው፤ ትዳሩንም አናጋው። በጥር 1954 መጨረሻ፥ በ63 ዓመቱ፥ ሕይወቱን በገዛ እጁ አጠፋ። ማሪዮን ክሱን አልተወችም። አር ሲ ኤ በዚያው ዓመት አንድ ሚሊዮን ዶላር ያህል ከፍሎ ታረቀ፤ ሌሎቹንም አንድ በአንድ ረታቻቸው። የመጨረሻው፥ በሞቶሮላ ኩባንያ ላይ የቀረበው ክስ፥ በ1967 ሲጠናቀቅ አርምስትሮንግ ከሞተ 13 ዓመት ሆኖት ነበር።