ዳቦን የጠረጠረው ሐኪም

ለአምስት ዓመት ያህል ጨጓራ፣ አሜባ፣ ታይፎይድ፣ ደም ማነስ እየተባልኩ ታክሜአለሁ። የአይረን ኪኒን ስውጥ ደሜ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ሳቆም ተመልሶ ይወርዳል። ሆዴ ይነፋል፣ ክብደቴ ይቀንሳል፣ ክላስ ውስጥ እንቅልፍ ይጥለኛል። ጓደኞቼ ኢኮኖሚክስ ስለከበደኝ ይመስላቸው ነበር።

እማዬ ግን አንድ ነገር አስተውላለች። ለዕረፍት ደብረ ብርሃን በሄድኩ ቁጥር በሶው፣ ቂንጬው፣ የገብስ ቆሎው፣ ድፎ ዳቦው ይደረደርልኛል። ሳምንት ሳይሞላ እተኛለሁ። የጤፍ እንጀራ ብቻ በበላሁበት ሰሞን ደግሞ ነፍስ እዘራለሁ። አንድ ቀን አብራኝ ክሊኒክ መጣችና ይህንኑ ለሐኪሙ ነገረችው። ሐኪሙ ፈገግ አለና እንደገና የታይፎይድ ምርመራ አዘዘ።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሌላ ቦታ በደም ምርመራና በኢንዶስኮፒ ሴሊያክ መሆኑ ታወቀ። ያን ማታ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስልኬ ላይ ሳነብ ስለ አንድ የሆላንድ ሐኪም አገኘሁ። ስሙ ዊለም ካሬል ዲከ ይባላል። እኛ ጋ ብዙ ሰው አያውቀውም እንጂ በሕክምናው ዓለም ትልቅ ስም ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ ስለዚህ ዛሬ የእሱን ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ በሽታው ትንሽ። ስንዴ፣ ገብስና አጃ መሰሉ ራይ የሚባለው እህል ውስጥ ግሉተን የሚባል ፕሮቲን አለ። ሊጥን የሚያለጥጠው፣ ዳቦን የሚያስነፋው እሱ ነው። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ የገዛ ራሱ በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ተነስቶ ትንሹን አንጀት ያጠቃዋል። የአንጀቱ ግድግዳ ላይ ምግብ የሚመጡ ጣት መሰል ጥቃቅን ነገሮች አሉ፤ እነሱ ይከሰከሳሉ። ስለዚህ ብትበላም አትበላም። ምግቡ ይገባል፣ አይረኑም ካልሲየሙም ስቡም ሳይመጠጥ ያልፋል። ከመቶ ሰው አንዱ ገደማ ይህ ችግር እንዳለበት ይገመታል፤ አብዛኛው ግን አያውቀውም።

ዲከ የተወለደው በ1905 ዶርድሬክት በምትባል የሆላንድ ከተማ ነው። ላይደን ሕክምና ተማረ፤ ከዚያ ዘ ሄግ በሚገኘው የጁሊያና የሕፃናት ሆስፒታል የልጆች ሕክምና ሲማር ቆየ። በ1936፣ ገና በ31 ዓመቱ፣ የዚያው ሆስፒታል ሜዲካል ዳይሬክተር ሆነ። አስቡት፣ በእኛ ዕድሜ አካባቢ ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ ሴሊያክ ያለባቸው ልጆች ወደ ሆስፒታል ሲመጡ ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፍቶ፣ እጅና እግራቸው እንደ ጭራሮ ቀጥኖ ነበር። ብዙዎቹ ይሞታሉ። ምክንያቱን የሚያውቅ የለም። ምግብ እንደሆነ ግን ተጠርጥሯል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሳሙኤል ጊ በ1888 ባሳተመው ጽሑፍ እነዚህ ልጆች የሚድኑ ከሆነ የሚድኑት በምግብ ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። እንዲያውም አንድ ልጅ ሙሰል የሚባል ዛጎል ለበስ የባሕር እንስሳ በየቀኑ እየበላ አምሮበት እንደነበር ጽፏል። ሙሰሉ የሚመጣው ደግሞ ከሆላንድ ነው! ወቅቱ ሲያልፍ ልጁ ታመመ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሙሰል ሲያመጡለት አልበላም አለ።

ከዚያ ሙዝ መጣ። ኒው ዮርክ የነበረው ሐኪም ሲድኒ ሃስ በ1924 ልጆቹን በሙዝ እንዳሻላቸው አሳተመ። ዳቦ የለም፣ ብስኩት የለም፣ ድንች የለም፣ ሙዝ ብቻ እንደ ልብ። ልጆቹ በእርግጥ ተሻላቸው። ዓለም ሁሉ ሙዝ መድኃኒት ነው ብሎ ተቀበለ።

እዚህ ጋ የኢኮኖሜትሪክስ መምህሬ ትዝ ይሉኛል። ሁለት ነገር አብሮ ከተንቀሳቀሰ አንዱ የሌላው ምክንያት ነው ብላችሁ እንዳትደመድሙ፣ መጀመሪያ ሞዴሉ ውስጥ ያላስገባችሁት ነገር ካለ ፈልጉ እያሉ ሴሚስተሩን ሙሉ ይጨቀጭቁን ነበር። የሃስ ሞዴል ውስጥ ያልገባው ዳቦ ነው። ልጆቹን ያዳናቸው ሙዝ መብላታቸው ሳይሆን ስንዴ አለመብላታቸው ነበር፤ ምስጋናውን የወሰደው ግን ሙዙ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ቀላል አይደለም። ዳንኩ ያለ ልጅ ወደ ዳቦው ይመለሳል፤ ሕመሙም አድብቶ ይመለሳል።

ዲከ ዳቦን መጠርጠር የጀመረው በ1930ዎቹ ነው። እዚያው ሆላንድ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ ዳቦና ብስኩት ሲበሉ ተቅማጡ የሚያገረሽባቸው ልጆች እንዳሉ ተነስቶ ነበር። ሌላም የሚነገር ታሪክ አለ። አንዲት ወጣት እናት ልጇን ይዛ መጥታ ዳቦ ስትከለክለው ሽፍታው እንደሚጠፋለት አጫወተችው። ዲከ ይህን ሰምቶ ፈገግ ብሎ አላለፈም። ወሬዋን እንደ መረጃ ያዘው።

ይህን ያነበብኩ ማታ ስልኬን አስቀምጬ ለእማዬ ደወልኩ። ሰዓቱ መሽቶ ስለነበር ደነገጠች። ምንም አይደለም፣ ልክ ነበርሽ ልልሽ ነው አልኳት።

ዲከ ልጆቹን ከስንዴ አርቆ እያንዳንዳቸውን መከታተል ጀመረ። አንድ ሁለት ሳምንት አይተህ የምትተወው ነገር አይደለም፤ ክብደታቸውንና ቁመታቸውን ለዓመታት እየመዘገበ ነው። በ1941 ውጤቱን በሆላንድ የሕክምና መጽሔት ላይ አወጣ። አገሩ በጀርመን ጦር ተይዛለች፣ ጽሑፉ በደች ቋንቋ ነው። ከሆላንድ ውጭ ማን ያንብበው?

ከዚያ የረሃቡ ክረምት መጣ። በመስከረም 1944 የሆላንድ ባቡር ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ጀርመኖች በብቀላ ወደ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ምግብ እንዳይገባ ዘጉ። ብርዱ ከፋ፣ ቦዮቹ ቀዘቀዙ። ሰው የቱሊፕ አበባ ሥር ቀቅሎ እስከ መብላት ደረሰ። ወደ 20,000 የሚጠጋ ሕዝብ አለቀ። ዳቦ የሚባል ነገር ከገበታ ጠፋ።

በዚህ ሁሉ መከራ መሃል የዲከ ሴሊያክ ልጆች አልባሰባቸውም። አገር ሲከሳ እነሱ ተሻላቸው። ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ዱቄትና ዳቦ ገባ፤ ሕዝቡ በደስታ አለቀሰ፤ እነዚያ ልጆች ግን ተመልሰው ታመሙ።

ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ይህን ክረምት በሌላ መንገድ ያውቀዋል። ማንም አስቦ የማይሠራውን ሙከራ ታሪክ ራሱ ሲሠራው ተፈጥሯዊ ሙከራ እንለዋለን፤ በዚያ ክረምት የተፀነሱ ልጆች ሕይወት እስከ ዛሬ ይጠናል። የዲከም ታሪክ ብዙ ቦታ የሚተረከው እንዲህ ነው፦ ጦርነት መጣ፣ ዳቦ ጠፋ፣ ሐኪሙም በድንገት ገባው። ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ግን ቅደም ተከተሉ ተዛብቷል። የ1941ዱ ጽሑፍ ከረሃቡ ሦስት ዓመት ይቀድማል። ረሃቡ ያደረገው ጥርጣሬውን ማጽናት ነው። ባይጠረጥር ኖሮ ያን ክረምት ሚሊዮን ሰው እንዳሳለፈው እሱም ሳያየው ያሳልፈው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ዲከ ማስረጃ ፍለጋ ወጣ። ታሪክ ብቻውን አያሳምንም፣ ቁጥር ያስፈልጋል። ዩትሬክት የነበረው ባዮኬሚስት ቫን ደ ካመር ሰገራ ውስጥ ያለን ስብ በትክክል የሚለካበት ዘዴ አበጅቶ ነበር። ስብ ሳይመጠጥ ከወጣ አንጀቱ አልሠራም ማለት ነው። ዲከ፣ ቫን ደ ካመርና ሌላው የሕፃናት ሐኪም ቫይየርስ አብረው ልጆቹን በጥንቃቄ ተከታተሉ። ስንዴ ሲገባ ስቡ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል። ራይም እንደዚያው ሆነ። ሩዝ፣ በቆሎና ድንች ግን ምንም አላደረጉም። ቀጥለው ስንዴውን ራሱን ከፋፈሉት፤ ስታርቹ ንጹሕ ሆነ፣ ጥፋተኛው ግሉተን ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ዓመት በድንችና በሩዝ ላይ የነበረው ክስ ተነሳ።

በ1950 ዲከ ሥራውን የዶክትሬት ጥናት አድርጎ ለዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ አቀረበ። 45 ዓመቱ ነበር። በ1952 እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ያሉ ተመራማሪዎች ውጤቱን በራሳቸው ታካሚዎች ላይ አረጋገጡ። በ1953 የእነ ዲከ ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ወጡና ዓለም አነበባቸው። በ1957 በዩትሬክት ፕሮፌሰርና የዊልሄልሚና የሕፃናት ሆስፒታል ኃላፊ ሆነ። ብዙ አልቆየም፤ በ1962፣ በ57 ዓመቱ አረፈ። ዛሬ በስሙ የተሰየመ ሜዳሊያ በሆላንድ የአንጀት ሐኪሞች ማኅበር ይሰጣል። እኔ እስከማውቀው ግን ትልቁ ሐውልቱ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከግሉተን ነፃ የሚል ጽሑፍ ያለበት መደርደሪያ ነው።

አሁንም ቢሆን ለሴሊያክ የተረጋገጠው ሕክምና የእሱ ነው፦ ግሉተን አለመብላት፣ ዕድሜ ልክ።

እዚህ ጋ ወደ ቤታችን ልምጣ። ሆላንድ ያለ ልጅ ዳቦውን አጥቶ ሌላ ይፈልጋል። እኛ ግን ጤፍ አለን፤ ጤፍ ውስጥ ሴሊያክን የሚቀሰቅሰው ግሉተን የለም። ይህን ፈረንጆቹም ስላወቁ አንድ የደች ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት አውጥቶ ነበር። ነገሩ ስንቱን አበሻ እንዳበሳጨ ታስታውሳላችሁ። በኅዳር 2018 ፓተንቱ በሆላንድ ዋጋ የለውም ብሎ የፈረደው ፍርድ ቤት የሚገኘው ዘ ሄግ ነው፤ ዲከ ልጆቹን ሲመዝን በኖረበት ከተማ።

ግን ጤፍ አለን ማለት ጤፍ እንበላለን ማለት አይደለም። ጤፍ ሲወደድ ምን እንደሚደረግ ሁላችንም እናውቃለን፤ ገብስ፣ ስንዴ፣ ሩዝ ይቀላቀላል። ሩዙ አይጎዳኝም፣ ገብሱና ስንዴው ይጎዱኛል። ከሱቅ የምገዛው እንጀራ ምን እንዳለበት ማንም አይነግረኝም፤ ብጠይቅም ንጹሕ ጤፍ ነው ይሉኛል። ውጭ አገር ያላችሁም እዚያ የሚጋገረው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ አለበትና ጠይቁ። ለሌላው ሰው ቅይጥ እንጀራ ኑሮን መቋቋሚያ ነው፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም። ለእኔ ግን የአንድ ሳምንት ሕመም ነው። ስለዚህ ከደመወዜ መጀመሪያ የሚወጣው የጤፍ ብር ነው፣ ከዚያ የቤት ኪራይ። ጠላም ቢራም ቀርተዋል። ሰው ቤት ስሄድ አንድ ጉርሻ ምን ያደርጋል የሚሉኝን ማስረዳት ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል።

ይህን አንብባችሁ ራሳችሁን የጠረጠራችሁ ካላችሁ አንድ ነገር አደራ፦ ከመመርመራችሁ በፊት ዳቦ አታቁሙ። ካቆማችሁ አንጀቱ ማገገም ይጀምርና ምርመራው ምንም የለም ሊላችሁ ይችላል። መጀመሪያ ተመርመሩ። ሐኪሙ ሲጠይቃችሁም የታዘባችሁትን ሁሉ ንገሩት፤ እናታችሁ የታዘበችውንም።

ባለፈው እንቁጣጣሽ ደብረ ብርሃን ነበርኩ። እማዬ ድፎውን ለእንግዶቹ ደፋች። ለእኔ ደግሞ በአዲስ ምጣድ፣ ራሷ ለቅማ ባስፈጨችው ጤፍ ቂጣ ጋገረችልኝ። ወፍጮ ቤቱ ከእኔ በፊት ስንዴ እንዳይፈጭ ስትል ጎህ ሳይቀድ ሄዳ ተሰልፋ ነበር።