ጃኮሞ ቻሚቺያን፡ ከድንጋይ ከሰል ባሻገር ያየ ኬሚስት

ከሚኤሶ ወደ አሰበ ተፈሪ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው በመንገዱ ዳር የተደረደሩትን የከሰል ጆንያዎች ሳያይ አያልፍም። እኔ የዚያ አካባቢ ልጅ ነኝ። ያደግሁት በዛሬዋ ጭሮ፣ በቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ ሲሆን እናቴ ቡና የምታፈላው በዚያው ከሰል ነበር። ኮረብቶቹ ከዓመት ዓመት ሲራቆቱ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ኬሚስትሪ ከተማርኩ በኋላ ግን ያንን ጆንያ በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። ከሰል ዛፍ ነበር። ዛፍ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር፣ ውሃን ከምድር ወስዶ በፀሐይ ብርሃን ኃይል አካሉን የሚሠራ ፍጡር ነው። ስለዚህ ጆንያው ውስጥ ያለው ለዓመታት የተጠራቀመ ፀሐይ ነው ማለት ይቻላል። እኛ ግን በአንድ ረፋድ አንድደን እንጨርሰዋለን።

ታዲያ ሰው ዛፉን ሳይቆርጥ የዛፉን ሥራ ራሱ ሊሠራ አይችልም ወይ? ይህን ጥያቄ ከመቶ ዓመት በፊት በዓለም ኬሚስቶች ፊት ያነሳ አንድ ሰው ነበር። ስሙ ጃኮሞ ቻሚቺያን ይባላል። ለመሆኑ ይህ ሰው ማን ነው?

ከትሪየስቴ እስከ ቦሎኛ

ቻሚቺያን እ.ኤ.አ. በ1857 በትሪየስቴ ከተማ ተወለደ። ከተማዋ ዛሬ የጣሊያን ትሁን እንጂ ያኔ በኦስትሪያ ግዛት ሥር ነበረች። ቤተሰቡ የዘር ሐረጉ ከአርመን የሚመዘዝ ነው። በስሙ መጨረሻ ያለው «ያን» ናልባንዲያንን፣ ቴርዚያንንና ቦያጂያንን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይሆንበትም።

በቪየና ተምሮ በ1880 ከጀርመኑ ጊሰን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪውን አገኘ። ከዚያም ሮም ሄዶ በታዋቂው ኬሚስት ስታኒስላኦ ካኒዛሮ ቤተ ሙከራ ሠራ። በዚያ ስሙን ያስጠራው ፓይሮል በተባለው ውህድ ላይ ያደረገው ምርምር ነው። የፓይሮል ቀለበት ለቅጠል አረንጓዴነቱን በሚሰጠው ክሎሮፊል ውስጥም ሆነ ደማችንን ቀይ በሚያደርገው ሄሞግሎቢን ውስጥ ይገኛል። በ1887 በፓዶቫ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በ1889 ወደ ቦሎኛ ተዛወረና እስከ ዕለተ ሞቱ እዚያው አስተማረ።

ጠርሙሶች በጣሪያ ላይ

ዘመኑ የድንጋይ ከሰል ዘመን ነበር። ፋብሪካውም፣ ባቡሩም፣ መርከቡም የሚንቀሳቀሰው በእሱ ነው። ቻሚቺያን ግን ከ1900 ጀምሮ ፓውል ሲልበር ከተባለ ባልደረባው ጋር ሆኖ የተለያዩ ውህዶችን በጠርሙስ እያሸገ በተቋሙ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ያሰጣ ጀመር።

ሥራው ትዕግስት የሚፈትን ነበር። አንዳንዱ ጠርሙስ ለሳምንታት፣ አንዳንዱ ለወራት ይቀመጣል። ካርቮን የተባለውን ዘይት አንድ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ላይ አቆይተው በ1908 አዲስ ውህድ እንደሆነ አሳወቁ። ሌሎች ኬሚስቶች በኃይለኛ ሙቀትና በጠንካራ አሲድ የሚታገሉበትን ለውጥ ብርሃን ጸጥ ብሎ እንደሚያከናውን በተከታታይ ጽሑፎቻቸው አሳዩ።

የኒውዮርኩ ንግግር

በመስከረም ወር 1912 ኒውዮርክ ላይ በተካሄደ ዓለም አቀፍ የኬሚስቶች ጉባዔ ቻሚቺያን ስለ ብርሃን ኬሚስትሪ የወደፊት ዕጣ ንግግር አደረገ። የድንጋይ ከሰል የጥንት ዘመን ፀሐይ ቅሪት እንደሆነና ማለቁም እንደማይቀር አስረዳ። ከዚያም በሞቃታማው የምድር ክፍል የምትገኝና የሮም ከተማ ያለችበትን የላሲዮን ግዛት የምታክል ትንሽ አገር በዓመት የምታገኘው የፀሐይ ኃይል፣ በወቅቱ በዓለም ሁሉ ከሚወጣው የድንጋይ ከሰል ኃይል ጋር እንደሚስተካከል አሰላ። ላሲዮ ስፋቷ ከምዕራብ ሐረርጌ ጋር ይቀራረባል። ይህን ስሌት ባነበብኩ ቁጥር የሚኤሶ ሜዳና የገለምሶ ኮረብታ ይመጡብኛል።

ቻሚቺያን ተስማሚ ካታሊስት፣ ማለትም ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር ከተገኘ፣ ውሃንና ካርቦን ዳይኦክሳይድን በብርሃን ወደ ኦክስጅንና ሚቴን መለወጥ እንደሚቻል ገመተ። ጭስ አልባ ፋብሪካዎች በደረቅ መሬት ላይ ሲቆሙም ታየው። ካታሊስቱ ግን በእጁ አልነበረም።

ብዙም ሳይቆይ የአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈነዳና ከጀርመናዊው ሲልበር ጋር የነበረው ትብብር ተቋረጠ። ቻሚቺያን ለኖቤል ሽልማት 9 ጊዜ ታጭቶ አንድም ጊዜ አልተሸለመም። በጥር ወር 1922 አረፈ። ይህም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም አሰበ ተፈሪን ከመቆርቆራቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ነው።

ጠርሙሱ ዛሬ የት ደረሰ?

የቻሚቺያንን ጥያቄ ዛሬ ከያዙት ቁሶች አንዱ ፔሮቭስካይት ነው። ስሙ ጀርመናዊው ጉስታቭ ሮዘ በ1839 ከኡራል ተራሮች የመጣ ማዕድን መርምሮ ለሩሲያዊው ሌቭ ፔሮቭስኪ ክብር ያወጣው ሲሆን አሁን ተመሳሳይ የክሪስታል አሠራር ያላቸው የብዙ ቁሶች መጠሪያ ሆኗል። በ2009 ጃፓናዊው ቱቶሙ ሚያሳካና ባልደረቦቹ በዚህ ቁስ የሠሩት የፀሐይ ሴል ከብርሃኑ ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠው 3.8 በመቶውን ብቻ ነበር። ዛሬ በቤተ ሙከራ ከ26 በመቶ በላይ ደርሷል።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ በቀላሉ የማይፈርስ ውህድ በመሆኑ ለመለወጥ በቂ ቮልቴጅ ይፈልጋል። በ2015 በስዊዘርላንድ ሎዛን የሚካኤል ግሬትሰል ቡድን ሦስት የፔሮቭስካይት ሴሎችን በተከታታይ አያይዞ በወርቅ ኤሌክትሮድ ጋዙን ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለወጠ። ይህ በከሰል ጭስ ሰው የሚገድለው ጋዝ ራሱ ነው፤ ለፋብሪካ ግን ነዳጅ የሚሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። ከፀሐዩ ኃይል 6.5 በመቶው በዚህ መልክ ተቀመጠ። የካምብሪጁ ኤርዊን ራይስነር ቡድንም በ2019 ፔሮቭስካይት ያለበት ሰው ሠራሽ ቅጠል ሠራ፤ በ2022 ቀለል ያሉ ቅጠሎችን በካም ወንዝ ላይ አንሳፍፎ ሞከረ።

ነገሩ ግን አልቋል ብሎ ማውራት ቻሚቺያንን አለማክበር ይሆናል። ፔሮቭስካይት እርጥበት ይጎዳዋል፤ ጥሩ ውጤት የሚሰጡት ዓይነቶች አብዛኞቹ እርሳስ አለባቸው። የሲሊከን ፓኔል 25 ዓመት ሲያገለግል የእነዚህ ቅጠሎች ዕድሜ ገና በሰዓታትና በቀናት የሚቆጠር ነው።

ቢሆንም ጉዳዩ የሩቅ ሰዎች ብቻ አይደለም። ከጭሮ በሂርና አልፈን ስንወርድ የምናገኛት ድሬዳዋ የሲሚንቶ ከተማ ናት። ሲሚንቶ ሲመረት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚወጣው ከነዳጁ ብቻ አይደለም፤ ከተቃጠለው የኖራ ድንጋይም ጭምር ነው። ነዳጁ ቢለወጥም ያ ጋዝ አይቀርም። በ1912 ከአንድ ሚሊዮን የአየር ክፍል 300 ገደማው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር፤ ዛሬ ከ420 አልፏል። ጋዙም አለ፣ ፀሐዩም አለ።

ጭሮ ዛሬ የኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ መቀመጫ ናት። እኔ ተማሪ ሳለሁ በከተማው ዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ቻሚቺያን የጀመረው ባሸገው ጠርሙስ፣ በጣሪያና በትዕግስት ነው። ጣሪያውና ፀሐዩ እኛም ዘንድ አሉ። አንድ የጭሮ ልጅ ጠርሙሱን አሽጎ እዚያ ላይ ሲያስቀምጥ ባየሁ ደስታዬ ወደር አይኖረውም።