ሐንስ ክሬብስ

ቦንጋ ላይ ቆጮ በልተን ዳገቱን ስንወጣ ጉልበቱ ከምግቡ እንዴት ይወጣል? የመንገዱን ዋና ክፍል ያገኘው በ1900 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር የተወለደው ሐንስ ክሬብስ ነው። በ1933 ናዚዎች በአይሁድነቱ ከሥራው ስላባረሩት ወደ እንግሊዝ ተሰደደ። ሼፊልድ ውስጥ የርግብ ጡንቻ እየፈጨ ሲመረምር፣ ምግብ በሴል ውስጥ የሚፈርሰው በክብ መንገድ መሆኑን ደረሰበት። ከምግቡ የመጣው ባለ2 ካርቦን ቁራጭ ከባለ4 ካርቦኑ ጋር ገጥሞ ሲትሪክ አሲድ ይሆናል፤ በአንዳንዶቹ እርምጃዎች ጉልበት ይለቀቃል፤ 2 ካርቦን በትንፋሻችን ይወጣል፤ ባለ4ቱ ተመልሶ ሌላ ቁራጭ ይጠብቃል። ሴሉ ለፕሮቲን መሥሪያ የሚሆነውንም ከዚሁ ዙር ይወስዳል። (ፈተና ላይ የሚያስጨንቀን ይኸው ዑደት ነው!) በ1937 ኔቸር የተባለው መጽሔት ቦታ የለኝም ብሎ ጽሑፉን መለሰበት፤ ሌላ መጽሔት አወጣለት። በ1953 ለዚሁ ሥራ ኖቤል ተሸለመ፤ በ1981 ኦክስፎርድ ውስጥ አረፈ።